ገብስሜ ከቆጥ ያልወረደች ጠዋት፦ የታመመች ዶሮን በቤት መመርመርና ማከም

የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣው ገብስሜ ናት። ኮይኮይ ከሚባለው የዶሮ ዝርያ ናት፤ ላባዋ ጥቁርና ነጭ ገብስማ ስለሆነ ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት። ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ ግን ዘጠኙ ተንጋግተው ወጡና እሷ ከቆጡ ላይ ቀረች። ኩርምት ብላለች፤ ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ወደ ታች ጥላ፣ ዓይኗን ከፈት ከደን ታደርጋለች። ልጄ ከኋላዬ ሆና አየቻትና "እማ፣ ፈንግል ነው! ሄጄ መድኃኒት ልግዛ?" አለችኝ።

"ቆይ፤ መጀመሪያ እንያት" አልኳት።

ይህችን "መጀመሪያ እንያት" የምትል ነገር እስክማር ድረስ ብዙ ዶሮ ቀብሬያለሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለው ግቢዬ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔ ዘንድ በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ነበር። ዶሮ ኩርምት ካለች ለሰው የሚሸጠውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ውኃዋ ላይ እበትናለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አጎርሳታለሁ፣ አለቀ። የዳነችው በምን እንደዳነች፣ የሞተችውም በምን እንደሞተች አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ምን እንደምትሰጧት ሳይሆን፣ ምንም ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደምታዩ ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም መጥራት ያለባችሁን ጊዜም በየቦታው እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ለዩዋት

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደካማ መስላ ከታየች ሌሎቹ ይጠቀጥቋታል፣ ከመኖው ያባርሯታል። ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ ድረስ አብራ እየጫረች፣ የምትበላ እየመሰለች ትቆያለች። ኩርምት ብላ ስታገኟት ሕመሙ ከጀመራት ሁለት ሦስት ቀን ሆኖት ይሆናል። "እስከ ነገ ልያት" ማለት ብዙ ጊዜ ዶሮዋን የሚያሳጣን ለዚህ ነው።

እኔ የምለያት በትልቅ ካርቶን ነው፤ ጎኑን በቢላ እበሳውና አየር እንዲገባ አደርጋለሁ። ከታች የማነጥፈው ጋዜጣ ወይም ነጣ ያለ አሮጌ ጨርቅ ነው። ሰጋቱራና ጭድ ለጤነኛ ዶሮ ጥሩ ናቸው፤ ለታመመችው ግን ኩሷን ይደብቁብኛል፣ እኔ ደግሞ ኩሷን ማየት አለብኝ። ካርቶኑን ነፋስ በማይመታው፣ ልጅና ውሻ በማይደርስበት፣ ከሌሎቹ ዶሮዎች ራቅ ባለ ጥግ አስቀምጠዋለሁ።

የታመመች ዶሮ ሙቀቷን መያዝ ያቅታታል። አዳማ በቀን ሙቀት አያንሰንም፤ ሌሊት ግን፣ በተለይ በክረምት፣ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከካርቶኑ በአንድ ወገን አኖርላታለሁ። በአንድ ወገን የምለው ከሞቃት እንድትሸሽ ነው። መብራት ቢጠፋም ይህ ይሠራል።

ውኃ ከመኖ ይቀድማል። ዶሮ ለአንድ ቀን ባትበላ ትቋቋማለች፤ በአዳማ ፀሐይ ውኃ ካልጠጣች ግን ቶሎ ትወድቃለች። ራሷ ካልጠጣች መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ከምንቃሯ ጎን ጠብታ ጠብታ አድርጉላት፤ ራሷ ትውጠው። አፏን ከፍታችሁ አታፍስሱ። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ልክ ከምላሷ ኋላ ስለሆነ ውኃው ወደ ሳንባዋ ይገባል። በዚህ መንገድ ሊያድኗት ሲሉ የገደሏት ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ተቅማጥ ካላት ወይም ፀሐይ መቷት ከሆነ ለሕፃናት የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. ለአንድ ቀን ይረዳታል። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

ከዚያ በኋላ ተራውን ጠብቁ፤ ጠዋትም ማታም መጀመሪያ ጤነኞቹን ትመግባላችሁ፣ የታመመችውን በመጨረሻ። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የዶሮ ቤት ጫማ ለብቻው ይሁን።

እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ መርምሯት

እያሯሯጣችሁ አትያዟት፤ የታመመች ዶሮ በድንጋጤ ትሞታለች። የቻለች እንደሆነ ማታ ቆጥ ላይ ካለች በኋላ በስልክ መብራት ያዟት። አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አስገቡ፣ እግሮቿ በጣቶቻችሁ መካከል ይሁኑ፣ በሌላው እጃችሁ ክንፎቿን ሰብስቡ። ከዚያ ከራሷ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ውረዱ።

መጀመሪያ ኩክኒዋን፣ አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ፣ እዩ። እንቁላል በምትጥል ጤነኛ ዶሮ ላይ ቀይና ለስላሳ ነው። ከነጣ ደም አንሷታል፤ ቅማል፣ የሆድ ትል ወይም ሌሊት ደም የሚመጥ ተባይ ጠርጥሩ። ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ከሄደ አየር ወይም የደም ዝውውር አጥሯታል፤ ይህ ለሐኪም የሚያጣድፍ ነው። ዓይኗ አረፋ አለው? አፍንጫዋ ላይ ንፍጥ አለ? ፊቷ አብጧል? ጆሯችሁን ወደ ደረቷ አስጠግታችሁ አዳምጡ፤ ጤነኛ ዶሮ ስትተነፍስ ድምፅ የላትም። ሲር ሲር ወይም ኩርር የሚል ድምፅ ካለ የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ የምታለከልክ፣ ክንፏንም ከጎኗ ራቅ ያደረገች ከሆነ ግን ሙቀት ነው፤ ወደ ጥላ ውሰዷት። ስትነኳት ስለሞቀች ብቻ ትኩሳት ነው አትበሉ፤ የዶሮ ሰውነት በጤናዋም ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ነው።

አንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በላይ፣ የበላችው መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ። ይህን ከረጢት ሁለት ጊዜ መዳበስ አለባችሁ፤ ማታ ከበላች በኋላ፣ ጠዋትም ከመብላቷ በፊት። ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ ከሆነ የምግቧ መንገድ ክፍት ነው። ጠዋትም እንደ ኳስ ጠጥሮ ካገኛችሁት ተደፍኗል። ረጅም ሣር፣ የጆንያ ክር፣ ፌስታል የበላች ዶሮ እንዲህ ትሆናለች። እንደ ውኃ ፊኛ ልል ሆኖ አፏ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ደግሞ ውስጡ እየቦካ ነው። ለጠጠረው ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይትና ውኃ ሰጥታችሁ በቀስታ አሹት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። እህል ለአንድ ቀን ከልክሏት። ዘቅዝቆ ማስመለስ የሚባለውን አታድርጉ፤ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላታል። በሁለት ቀን ካልለዘበ ሐኪም ከፍቶ ያወጣዋል።

የደረቷን አጥንት በጣታችሁ ዳብሱት። ግራና ቀኙ ሥጋ ከሸፈነው ሕመሙ የቅርብ ነው። እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ከሳምንታት ጀምሮ ስትከሳ ኖራለች ማለት ነው፤ ላባዋ ነው የሸፈነባችሁ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዶሮዎቼን በወር አንድ ጊዜ በሚዛን እመዝናቸዋለሁ፤ ክሳትን ከሁሉ ቀድሞ የሚነግረኝ ሚዛኑ ነው።

ከክንፏ ሥርና ከእንቁላል መውጫዋ ዙሪያ ላባውን ገልጣችሁ እዩ። ቅማልና ቅጫም ያለው እዚያ ነው። በዓይኗና በኩክኒዋ ዙሪያ እንደ ጥቁር ነጥብ ተለጥፎ የማይነቃነቅ ነገር ካለ የዶሮ ቁንጫ ነው። በመጨረሻ እግሯን ገልብጡ። የእግሯ ቅርፊት ከተነሳና ከሻከረ በሥሩ ተባይ አለ፤ የመዳፏ ሥር ላይ ጥቁር እከክ ካለ መግል ቋጥሯል።

ይህ ሁሉ ሲለማመዱት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሳትታመም አስቀድማችሁ ሁለት ሦስቴ ብትሠሩት ደግሞ የጤነኛዋን ስለምታውቁ የታመመችውን ወዲያው ትለያላችሁ።

ኩሷን እዩ

ጤነኛ ኩስ ጠንከር ያለ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ አለው። ነጩ ሽንቷ ነው። በየስምንቱ ወይም በየአሥሩ አንዴ ደግሞ ልል፣ ጠቆር ያለ፣ በጣም የሚሸት ኩስ ትጥላለች፤ እሱም ጤነኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ተቅማጥ ያዛት" ብሎ መድኃኒት ይጀምራል።

አረንጓዴ ኩስ ሁሉንም ያስደነግጣል። አንዲት ዶሮ ሳትበላ ከዋለች ሐሞቷ ብቻ ስለሚወጣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጎመን የበላችም እንዲሁ። አረንጓዴነቱ ብቻውን ፈንግል አይደለም። ውኃ ውኃ የሚል ከሆነ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ብዙ ስለሚጠጡ ሊሆን ይችላል።

ደም ካለበት፣ በተለይ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ባሉ ጫጩቶች ላይ፣ ኮክሲዲያ ነው ብላችሁ ተነሱ። እርጥብ ወለል ላይ የሚራባ፣ አንጀት የሚበላ ጥቃቅን ተውሳክ ነው። አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት አለው። 20 በመቶ የሆነው ዱቄት ሕመሙ ሲጠና በአንድ ሊትር ውኃ 1.2 ግራም ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በሊትር ወደ 0.3 ግራም ወርዶ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። የገዛችሁት ከ20 በመቶ የተለየ ከሆነ ይህ ልኬት አይሆንም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ። ግራሙን በማንኪያ አትገምቱ፤ መድኃኒት ቤቱ በየቀኑ የሚበቃውን በወረቀት መዝኖ እንዲጠቀልልላችሁ ጠይቁ። በየማለዳው አዲስ ይበጠበጣል፣ ሌላ ውኃ አይቀመጥም። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተውሳኩን ቢ1 ቫይታሚን በመንሳት ስለሆነ በዚያው ቀናት የቫይታሚን ዱቄት አትጨምሩበት፤ ተውሳኩን መልሳችሁ ትቀልቡታላችሁ። ቫይታሚኑ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይድረስ። እርጥቡንም ሰጋቱራ አውጡና ደረቅ አንጥፉ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል።

ፈንግል

አሁን ወደሚያስፈራው ልግባ። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹ ኒውካስል የሚሉት በ1926 እ.ኤ.አ. በታየባት የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው። ምልክቶቹ ተደራርበው ይመጣሉ፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ ማጣጣር፣ የክንፍና የእግር ሽባነት፣ አንገት መጠማዘዝ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይታይ ድንገት ሞት። ከሁሉ የሚለየው ግን ፍጥነቱ ነው። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት፣ ከነገ ወዲያ ግቢው ባዶ። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው ከገበያ ሁለት ቄብ ገዛሁ። ያማሩ ነበሩ። አንዷ ትንሽ ቀዝቀዝ ብላለች፤ መንገድ ነው ያደከማት አልኩና ሁለቱንም በቀጥታ ከዶሮዎቼ ጋር ቀላቀልኳቸው። በበዓሉ ማግስት አንደኛዋ ሞተች። ቴትራሳይክሊን በተንኩ፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ቀጠቀጥኩ፣ አንዲት ጎረቤቴ አረቄ አጉርሻቸው ብላኝ እሱንም አደረግሁ። በስምንት ቀን ከአሥራ አንድ ዶሮ ሁለት ቀሩኝ። ከሁለቱም አንዷ አንገቷ ተጠማዞ ነው የኖረችው። ይህን የምነግራችሁ እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ስለነበረ ነው፤ ፈንግል ከያዛት በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። አረቄውም ሽንኩርቱም አይገድሉትም። ዶሮዎቼን ላድን የምችለው ከገበያ በፊት ነበር።

በዓል ሲደርስ ዶሮ ከየአቅጣጫው ወደ ገበያ ይጎርፋል፤ ቤቱ ዶሮ መሞት የጀመረበትም ሰው "ሳትሞትብኝ ልሽጣት" ብሎ ያወጣል። ያንን በማድረጉ ማንንም አልፈርድም፤ ድህነት ነው። ግን ቫይረሱ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ አዲስ ዶሮ ስትገዙ ለ21 ቀን ለብቻዋ አኑሯት፤ በሽታውን ይዛ ከመጣች በዚያ ጊዜ ውስጥ ይወጣል።

ክትባቱን የሚያመርተው ተቋም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መንገድ፣ ቢሾፍቱ ነው። የቤት ዶሮ ያለው ሰው የሚቸገረው በሌላ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተከፈተ ደግሞ ለሌላ ቀን አይተርፍም። ለአሥር ዶሮ ሲባል ማን ይከፍተዋል? እኛ ሰፈር ይህን የፈታነው ተሰባስበን ነው። በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ጠዋት ሰባት ቤት ሆነን የእንስሳት ጤና ባለሙያውን እንጠራለን፤ ክትባቱ በረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ይመጣል፣ ባለሙያው ከቤት ቤት እየዞረ በእያንዳንዷ ዶሮ ዓይን አንድ ጠብታ ያደርጋል። ዋጋውን እንካፈላለን። በውኃ የሚሰጠውን ዓይነት ከተጠቀማችሁ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን እንደሚገድለው አትርሱ፤ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሁን፣ ወይም በሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የወተት ዱቄት ይጨመርበት። የሚከተበው ጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው፤ ሰውነቷ መከላከያውን እስኪሠራም ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል።

በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ዶሮ ከሞተባችሁ ቤት ውስጥ ማከሙን ተዉና ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለግብርና ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። አትሽጡ፣ ለዘመድም አትስጡ። ሳትሞት ብላችሁም አትረዷት፤ ደሟና ላባዋ በግቢው ሲበተን ለተረፉት መርዝ ነው። የሞተችውን ወደ ቦይ አትጣሉ፤ ውሻ ጎትቶ ጎረቤት ግቢ ያደርሳታል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። ቤቱን ጠርጋችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ ርጩበት፤ ፀሐይ ይግባበት። ስትሠሩ ዓይናችሁን አትሹ፤ የፈንግል ቫይረስ የሰውንም ዓይን ያቀላል።

ሌሎቹ

ቅማል፦ ዶሮዎቻችሁ የሚንከባለሉበት አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ ካላቸው አብዛኛውን ራሳቸው ይጨርሱታል። ሌሊት ደም የሚመጠው ቀይ ተባይ ግን ዶሮዋ ላይ ሳይሆን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚውለው። ማታ ነጭ ጨርቅ በቆጡ ላይ አብሱ፤ ቀይ ከነካ አለ። ቆጡን አውጥታችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ስንጥቁን ድፈኑ፤ ዶሮዋን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ለዓይን ዙሪያ ቁንጫና ለእግር ቅርፊት ተባይ ቫዝሊን ወፍራም አድርጎ መቀባት ነው፣ በየሁለት ቀኑ፣ እስኪወድቅ፤ ሁለቱም አየር አጥተው ይሞታሉ።

ፈንጣጣ፦ ኩክኒና ፊት ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ ቁስል ነው፤ በትንኝ ይተላለፋል። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ቁስሉን አትንጩት፤ ጂቪ ወይም ቤታዲን ቀቡት፣ በሦስት አራት ሳምንት ይረግፋል። አፏ ውስጥ ነጭ ቢጫ ነገር ከሠራ ግን መተንፈሻዋን ስለሚዘጋ ለሐኪም አሳዩ።

ሙቀት፦ እዚህ አዳማ ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ዶሮ ቤት በግንቦት ምድጃ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሣር ወይም እርጥብ ጆንያ አድርጉ፣ በጎን አየር ይግባ፣ ውኃውን በቀን ሦስቴ ቀዝቃዛ ለውጡ። በሙቀት የወደቀችውን ዶሮ እግሯን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ አቁሟት፤ በረዶ ውስጥ አትንከሯት።

የእግር መግል፦ ለብ ያለ ጨው ውኃ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ቤታዲን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በየቀኑ። ቆጧንም እዩ፤ ሹል እንጨት ነው የሚያቆስላት።

ገብስሜ

ወደ ግንቦቷ ማለዳ ልመለስ። መጋቢት ላይ ተከትባለች፣ ሌሎቹ ዘጠኝ በደንብ ይበላሉ፣ አተነፋፈሷ ድምፅ የለውም፣ አንገቷም ቀጥ ያለ ነው። ፈንግሉን እዚያ ላይ ተውኩት። ከረጢቷ ባዶ። የደረቷ ሥጋ ሙሉ። ቅማል የለም። ካርቶኑ ውስጥ ካስገባኋት በኋላ ግን ቆማ አየኋት፤ እግሯን ከፍታ፣ ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ታምጣለች። ኩስም አልጣለችም። ልጄን "ትናንት እንቁላል ጥላለች?" ብዬ ስጠይቃት ከሁለት ቀን ወዲህ የእሷን ፈዛዛ እንቁላል እንዳላየች ነገረችኝ። ከመውጫዋ በታች ሆዷን በቀስታ ስዳብሰው ክብ ነገር እጄ ላይ ተሰማኝ። እንቁላል ተቀርቅሮባታል።

ይህ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል፤ ግን ቤት ውስጥ ሊረዱት ከሚቻሉት አንዱ ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ፣ ክንዴን የማያቃጥል ውኃ አድርጌ እስከ ሆዷ ድረስ ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ተወራጨች፣ ከዚያ ዓይኗን ከደነች። አድርቄ መውጫዋን በንጹሕ ጣት ቫዝሊን ቀባሁላት፤ ካርቶኗ ውስጥ መልሼ በጨርቅ ጋርጄ ጨለማ አደረግሁላት። ከሰዓት በኋላ ደገምኩ። ሆዷን አልጨመቅሁም። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆርጣታል፣ ይመርዛታል፤ ስለዚህ እናንተም እጃችሁን ጠብቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስሄድ ጨርቁ ላይ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ የለሰለሰ እንቁላል አገኘሁ፤ እሷም ውኃ እየጠጣች ነበር። እስከ ማግስቱ ባይወጣ ሐኪም ዘንድ እወስዳት ነበር።

ለስላሳው ቅርፊት ምክንያቱን ነገረኝ። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን አራት ግራም ያህል ካልሲየም ትፈልጋለች፤ አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻውን ሁለት ግራም ገደማ ይወስዳል። እኔ ደግሞ የጣይ መኖ ስለተወደደብኝ ለሁለት ወር ስንዴና ፉርሽካ ነበር የማበላቸው። በሙቀቱም ምክንያት የሚበሉት አንሶ ነበር። አሁን የቤቱን የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ ምጣድ ላይ አድርቄ፣ ፈጭቼ በሌላ ሳህን አስቀምጥላቸዋለሁ። ከመኖው ጋር አልቀላቅለውም፤ የምትፈልገው ራሷ ትወስዳለች፣ የማትጥለው ትተወዋለች። ያልተፈጨ ቅርፊት አትስጡ፣ እንቁላል ጠቅጥቆ መብላት ይለምዳሉ።

መድኃኒት ከሰጣችሁ

ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘ የተባለውን ቀን ሙሉ ስጡ፤ ተሻላት ብላችሁ በሁለተኛው ቀን አታቁሙ። ኦክሲቴትራሳይክሊን እየወሰደች ከሆነ የእንቁላል ቅርፊቱን ሳህን አንሱ፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይዞ እንዳይሠራ ያደርገዋል። እንቁላሉ መቼ መብላት እንደሚቻል ስትገዙ ጠይቁ፤ እስከዚያ ያለውን ለልጅ አትስጡ፣ አትሽጡም። እኔ የጀመርኩበትንና የሚያበቃበትን ቀን በካርቶኑ ላይ በማርከር እጽፈዋለሁ።

ገብስሜን ካርቶን ውስጥ ለአራት ቀን አቆየኋት። ውኃ የራሰ መኖ፣ በቀን ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈጨ ቅርፊት። በሦስተኛው ቀን ደህና ቅርፊት ያለው እንቁላል ጣለች። የተለየች ዶሮ በቀን ብርሃን ስትመለስ እንደ እንግዳ ይቀጠቅጧታል፤ ስለዚህ ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ከተኙ በኋላ በጨለማ ወስጄ ከመካከላቸው አስቀመጥኳት። ጠዋት በሩን ስከፍት ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቀጠቀች፣ ከዚያ መኖ ላይ ተሻሙ። በሦስተኛው ጠዋት ቀድማ ወጣች።